ማስታወቂያ ከልባችን ምን ይፈልጋል?

ባለፈው የገና ዋዜማ በወላጆቻችን ቤት ተቀምጠን ቴሌቪዥን ስንመለከት አንድ ማስታወቂያ መጣ። አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ከደጃፋቸው ቆመው መንገድ መንገዱን ያያሉ። ቤቱ ተጠርጓል፤ ቄጤማው ተጎዝጉዟል፤ ከረከቦቱ ላይ ሲኒው ተደርድሯል፤ ልጅቱ ግን የለችም። ወዲያው የእጅ ስልካቸው ይጮኻል፤ እናትየዋም መነጽራቸውን አስተካክለው የመጣላቸውን መልእክት ያነባሉ፤ ፊታቸውም ይበራል። ከበስተኋላ ዋሽንት ይሰማል፤ የአንድ ድርጅት ስም በሰፊው ይጻፋል፤ አለቀ። ርዝመቱ አንድ ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ዘወር ስንል እናታችን በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ሲጠርጉ አየናቸው።

‹‹እማዬ፣ ምን ሆንሽ?›› አልናቸው።

‹‹ምንም አልሆንኩ፤ ልጄ ትዝ ብላኝ ነው›› አሉ። እኅታችን ቤሩት ከሄደች አምስተኛ ዓመቷን ይዛለች።

‹‹ለመሆኑ ማስታወቂያው የምን ነበር?›› ብለን ብንጠይቃቸው ጥቂት አሰቡና ‹‹እንጃ፤ የስልክ መሰለኝ›› ሲሉ መለሱ። የስልክ አልነበረም፤ ከውጭ አገር ገንዘብ የሚያስተላልፍ ድርጅት ማስታወቂያ ነበር።

ነገሩ ትንሽ ቢሆንም ከዚያ ቀን ጀምሮ ከአእምሯችን አልወጣ አለ። ለእናታችን ስለ ዕቃ ዋጋም ሆነ ጥራት የነገራቸው አልነበረም፤ ከሌላው ድርጅት ይልቅ በዚህኛው ቢላክ ስንት ብር እንደሚተርፍም አልሰሙም። በመስተዋቱ ውስጥ ያዩት የራሳቸውን ናፍቆት ነው። ናፍቆቱን ደግሞ ድርጅቱ አልፈጠረውም፤ ከማስታወቂያው በፊት አምስት ዓመት ሙሉ በልባቸው ውስጥ የነበረ ነው። ድርጅቱ ያደረገው ያንን ናፍቆት ከእርሳቸው ተበድሮ፣ የራሱን ስም ጽፎበት መልሶ ለእርሳቸው ማሳየት ብቻ ነው። ይህ ብድር እንዴት እንደሚፈጸም፣ ከየት እንደ ተጀመረና ወለዱን ማን እንደሚከፍል ማወቅ ለተማሪውም፣ ለወጣቱ የመንግሥት ሠራተኛም አይከፋም በማለት ያነበብነውንና ያሰብነውን እነሆ እናቀርባለን። ‹‹ዓ.ም.›› ካላልን በቀር በዚህ ጽሑፍ የምንጠራቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢያችን ይያዝልን።

የመጀመሪያው የቴሌቪዥን ማስታወቂያ በሐምሌ 1 ቀን 1941 በኒውዮርክ ከተማ፣ ከአንድ የቤዝቦል ጨዋታ በፊት ታየ። ቡሎቫ የተባለው የሰዓት ፋብሪካ ያሳየው የአሜሪካን ካርታና ከላዩ ላይ አንድ ሰዓት ነበር፤ አሥር ሰኮንድ ያህል የፈጀ ሲሆን ዋጋው 9 ዶላር እንደ ነበረ ይነገራል። ያለቀሰም የሳቀም አልነበረም። በአገራችን ቴሌቪዥን ሥራውን የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ሲሆን በዚያን ጊዜ በአሜሪካ ማስታወቂያ ከሰዓትና ከካርታ አልፎ ሌላ ጥበብ ከሆነ ቆይቶ ነበር።

ጥበቡ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ፈጽሞ እንግዳ ነው ማለት ግን አይቻልም። ጠጅ ቤት የሚገባ አዝማሪን እናስታውስ። አዝማሪው ማሲንቆውን ከመሳቡ በፊት ከጓደኞቹ ዘንድ የሰውየውን ስም፣ የአባቱን ስም፣ የትውልድ አገሩን ቀስ ብሎ ይጠይቃል። ከዚያ በኋላ ‹‹ዘፈኔ ጥሩ ነውና ግዙኝ›› አይልም፤ ሰውየውን ጀግና፣ ለጋስ፣ የጀግና ልጅ ያደርገዋል። ሰውየውም ከኪሱ አውጥቶ ከግንባሩ ላይ የሚለጥፍለት ብር የዘፈን ዋጋ ሳይሆን፣ ለጥቂት ደቂቃ ትልቅ ሰው ሆኖ የመታየት ዋጋ ነው። ቴሌቪዥን ከዚህ የሚለየው አዝማሪው አንዱን ሰው ዓይን ዓይኑን እያየ ሲያወድስ፣ እርሱ የማያየውን ሚሊዮን ሰው በአንድ ጊዜ ማወደሱ ነው። ስለዚህ አስቀድሞ የሚሊዮኑን ሰው የአባት ስም፣ ማለትም የጋራ ጉድለቱን፣ ማወቅ ነበረበት።

ይህን የጋራ ጉድለት በማጥናት ስሙ የታወቀው ኧርነስት ዲክተር ነው። ዲክተር በቪየና ከተማ ተወልዶ ሥነ ልቡና ያጠና ሲሆን በ1938 ወደ አሜሪካ ተሻገረ። በማግሥቱ ዓመት አይቮሪ ስለ ተባለው ሳሙና እንዲያጠና በተቀጠረ ጊዜ ሰዎቹን ‹‹ይህን ሳሙና ለምን መረጣችሁ?›› ብሎ አልጠየቃቸውም፤ ገላቸውን ሲታጠቡ ምን እንደሚሰማቸው እንዲያወሩት አደረገ እንጂ። ከወሬያቸውም የተረዳው ለብዙ ሰው ገላ መታጠብ እድፍ ማስለቀቅ ብቻ ሳይሆን የትናንቱን ድካም አውልቆ አዲስ ሰው የመሆን ሥርዓት መሆኑን፣ በተለይም ወጣቶቹ ከሚወዱት ሰው ጋር ከመገናኘታቸው በፊት የሚታጠቡት መታጠብ ከሌላው ቀን የተለየ መሆኑን ነው። ጥምቀትን ለሚያውቅ ሕዝብ ይህ ትልቅ ግኝት ላይሆን ይችላል፤ ለሳሙና ነጋዴ ግን ትልቅ ግኝት ነበር።

ቫንስ ፓካርድ የተባለው ጋዜጠኛ በ1957 ‹‹ስውር አግባቢዎች›› ተብሎ ሊተረጎም የሚችል መጽሐፍ ባሳተመ ጊዜ የዲክተርና የመሰሎቹ ሥራ በአደባባይ ወጣ። ፓካርድ ነጋዴዎች ይሸጡባቸዋል ያላቸውን ስምንት የተደበቁ የልብ ፍላጎቶች ቆጥሯል። ሁሉን ከመዘርዘር ይልቅ አንዱን እንውሰድ፤ ይኸውም ያለ ስጋት መኖር የሚለው ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አሜሪካውያን ምግብ የሚያቀዘቅዝ ትልቅ ሣጥን በብዛት ይገዙ ጀመር። ሒሳቡ ሲሠራ የሣጥኑ ዋጋና የኤሌክትሪኩ ወጪ ተደምሮ ከሚያተርፈው ምግብ ይበልጥ ነበር። ታዲያ ለምን ይገዛል? የጦርነቱን ዘመን ያየ ሰው በቤቱ ውስጥ ሁልጊዜ ምግብ መኖሩን ማወቅ ስለሚያሳርፈው ነው። በገጠር አያቶቻችን ዘንድ ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት የአሜሪካ ሊቅ አያስፈልገውም፤ ክረምት ሲገባ ጎተራውን ከፍቶ እህሉን አይቶ መልሶ የሚከድን ገበሬ የሚፈልገው እህሉን ብቻ አይደለም፤ የሌሊት እንቅልፉንም ጭምር ነው።

እዚህ ላይ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ መስጠት ይገባናል። ስለ ማስታወቂያ ኃይል የሚነገረው ሁሉ እውነት አይደለም፤ እንዲያውም ማስታወቂያ ሠሪዎች ከሁሉ አስበልጠው የሚያስተዋውቁት የራሳቸውን ጥበብ ነው። ለምሳሌ በዩኒቨርሲቲ ሳለን ደጋግመን የሰማነው የእንቁላሉ ታሪክ አለ። በውኃ ብቻ የሚቦካ የኬክ ዱቄት አልሸጥ ብሎ ሳለ፣ ዲክተር ‹‹ባለቤቲቱ ራሷ ትኩስ እንቁላል ትጨምርበት፤ ያን ጊዜ ኬኩን የሠራችው እርሷ እንደ ሆነች ይሰማታል›› ብሎ ፋብሪካውን አዳነው ይባላል። ታሪኩ ያምራል። ነገር ግን ትኩስ እንቁላል የሚጨመርበት የኬክ ዱቄት ፓተንት ያገኘው በ1935፣ ዲክተር አሜሪካን ከመርገጡ ከሦስት ዓመት በፊት ነው። እንደዚሁም በ1957 ጄምስ ቪካሪ የተባለ ሰው በኒውጀርዚ አንድ ሲኒማ ቤት ውስጥ ዓይን በማይዘው ፍጥነት ‹‹ኮካ ኮላ ጠጡ›› የሚል ጽሑፍ በፊልሙ ላይ እያበራ ሽያጩን ከፍ አደረግሁ ብሎ ዓለምን አስደነገጠ፤ በ1962 ግን ነገሩ የፈጠራ ወሬ መሆኑን ራሱ አመነ። የሚያስፈራው ማስታወቂያ የማናየው አይደለም፤ ፊት ለፊት እያየነው፣ እያወቅነው፣ እያለቀስን የምንቀበለው ነው።

ከዚህ ዓይነቱ አንድ ምሳሌ ሰፋ አድርገን ብንመለከት እንወዳለን፤ እርሱም የማርልቦሮ ሲጃራ ነው። ማርልቦሮ በ1924 ገበያ ላይ ሲውል የሴቶች ሲጃራ ነበር፤ ለስላሳነቱ ይወደስ ነበር። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ሲጃራና የሳንባ ካንሰር ግንኙነት እንዳላቸው የሚያሳዩ ጽሑፎች በአሜሪካ መጽሔቶች መውጣት ጀመሩ፤ ሕዝቡም ደነገጠ። በዚያን ጊዜ ጫፉ ላይ ማጣሪያ ያለው ሲጃራ እንደ መሸሸጊያ ታየ። ችግሩ ግን ማጣሪያ ያለውን ሲጃራ ሰው ሁሉ የሴት ሲጃራ አድርጎ መቁጠሩ ነበር። እንግዲህ የአጫሹን ወንድ ጭንቀት እንመልከት። በአንድ በኩል ሞትን ይፈራል፤ በሌላ በኩል ደግሞ ፈሪ መስሎ መታየትን ይፈራል። ማጣሪያውን ቢይዝ የመጀመሪያው ፍርሃት ይቀልለታል፤ ሁለተኛው ግን ይብስበታል።

የቺካጎው ማስታወቂያ ሠሪ ሊዮ በርኔት በ1954 እና በ1955 ያደረገው ለዚህ ለሁለተኛው ፍርሃት መድኃኒት መስጠት ነው። ስለ ማጣሪያው ጥቅም አልሰበከም፤ በጤና ስም ቢናገር ኖሮ በሽታውን ማስታወስ ይሆንበት ነበር። ይልቁንም ማጣሪያ ያለውን ሲጃራ በከብት ጠባቂ ፈረሰኛ፣ በመርከበኛና እጃቸው በተነቀሰ ጎልማሶች አፍ ላይ አደረገው። በኋላ ሌሎቹ ቀርተው ፈረሰኛው ብቻውን ነገሠ፤ ተራራው፣ ሜዳው፣ የምሽቱ እሳት የእርሱ ሆነ። ልብ በሉ፤ ይህ ሰው አለቃ የለውም፤ ሚስቱ አትጠራውም፤ ቢሮ አይገባም፤ ሰዓት ፈርሞ አይወጣም። የሚመለከተው ሕዝብ ደግሞ በአብዛኛው ከተማ የሚኖር፣ ቀኑን ሙሉ ከጠረጴዛ ወይም ከማሽን አጠገብ የሚውል ነው። በጥር 11 ቀን 1964 የአሜሪካ መንግሥት ጠቅላይ ሐኪም ሉተር ቴሪ ሲጃራ የሳንባ ካንሰር እንደሚያመጣ በይፋ ካስታወቁ በኋላ እንኳ ፈረሰኛው ከፈረሱ አልወረደም፤ በ1970ዎቹ ማርልቦሮ በዓለም ላይ ከሚሸጡት ሲጃራዎች አንደኛ ሆነ። በማርልቦሮ ማስታወቂያዎች ከታዩት ተዋናዮች አንዱ የሆነው ዴቪድ ማክሊን በ1995 በሳንባ ካንሰር ሞተ።

የሴቶቹ ተራ የመጣው በ1968 ነው። ያው ኩባንያ ቨርጂኒያ ስሊምስ የተባለ ቀጭን ሲጃራ አውጥቶ፣ ቀድሞ ተደብቀው ያጨሱ የነበሩ ሴቶችን ቅጣትና የዛሬዪቱን ሴት ነፃነት ጎን ለጎን እያሳየ ይሸጥ ጀመር። ሴቶች እኩል ደመወዝና እኩል ሥራ ለማግኘት በአደባባይ ይሰለፉ በነበረበት ዘመን እኩልነቱን በሲጃራ ፓኮ ጠቅልሎ አቀረበላቸው። ወንዱን ከነፃነት ናፍቆቱ፣ ሴቲቱን ከእኩልነት ጥያቄዋ እንደ ያዛቸው ሲታይ፣ ነጋዴው የዘመኑን ሕዝብ የልብ ትርታ ከብዙ ፖለቲከኛ ቀድሞ ያዳምጣል ለማለት ያስደፍራል።

ብቸኝነትም እንዲሁ ገበያ አለው። በ1971 ቢል ባከር የተባለ ማስታወቂያ ጸሐፊ ወደ ለንደን ሲበር በጭጋግ ምክንያት አውሮፕላኑ በአየርላንድ በሻነን አረፈ። ተሳፋሪዎቹ ሌሊቱን ተቆጥተው አደሩ፤ በማግሥቱ ግን ከልዩ ልዩ አገር የመጡት እነዚያው ሰዎች ኮካ ኮላ ይዘው ሲሳሳቁ አያቸው። ከዚህ ሐሳብ የተወለደው ማስታወቂያ ከልዩ ልዩ አገር የመጡ ወጣቶች በጣሊያን አገር በአንድ ኮረብታ ላይ ቆመው አብረው ሲዘምሩ የሚያሳይ ነው። አሜሪካ በዚያን ጊዜ በቬትናም ጦርነት ምክንያት አባትና ልጅ የማይነጋገሩባት አገር ነበረች። ሰላምን በጥርጊያው መንገድ ያላገኘ ሕዝብ በጠርሙስ ሲቀርብለት እንዴት አይወድድ! በግላችን ይህን ማስታወቂያ እስከ ዛሬ ስናየው ደስ እንደሚለን አንሸሽግም፤ ይህንን ጽሑፍ ስናዘጋጅም ሦስት ጊዜ አይተነዋል።

እስካሁን ያየናቸው ሰውን ከፍ የሚያደርጉ ናቸው። ሌላው ዓይነት ግን አስቀድሞ ያሳንሰዋል። በ1920ዎቹ ሊስተሪን የተባለው የአፍ መጉመጥመጫ መጥፎ የአፍ ጠረንን በሕክምና ቃል ‹‹ሃሊቶሲስ›› ብሎ ጠርቶ፣ በዚህ ምክንያት ባል ያጣች ቆንጆ ልጅ ታሪክ በየመጽሔቱ አወጣ። ጓደኞቿ ያውቃሉ፤ እርሷ ግን አታውቅም፤ የሚነግራትም የለም። ይህ ‹‹ሳላውቀው ሰው ይታዘበኝ ይሆን?›› የሚለው ስጋት ከዚያ ወዲህ የስንቱን ሳሙናና ሽቶ ገበያ እንዳደራው ቈጥሮ መጨረስ አይቻልም። ከሁሉም የከፋው በሕንድ አገር የታየው ነው። ፌር ኤንድ ላቭሊ የተባለው ቆዳ ያቀላል የሚባል ቅባት በ1975 ወጣ፤ በቴሌቪዥን ማስታወቂያዎቹም ጠይሟ ልጅ ሥራ ወይም ባል አጥታ ስታዝን፣ ቅባቱን ከተቀባች በኋላ ግን ፊቷም ዕድሏም ሲቀላ ያሳዩ ነበር። በዚህ ጊዜ ነጋዴው የነበረውን ቁስል አገኘሁ ብቻ አይደለም የሚለው፤ ቁስሉን በየምሽቱ እየነካካ ያሰፋዋል። ኩባንያው ‹‹ፌር›› የሚለውን ቃል ከስሙ ያወጣው በ2020 ነው፤ አርባ አምስት ዓመት ሙሉ ልጃገረዶች እያዩት አድገዋል።

ያልነበረ ባህልን መትከልም ይቻላል። በጃፓን አገር የታጨች ልጃገረድ የአልማዝ ቀለበት የማግኘት ልማድ አልነበራትም። በ1967 ከታጩት መካከል ቀለበቱን ያገኙት ከመቶ አምስት አይሞሉም ነበር ይባላል፤ ዲ ቢርስ የተባለው የአልማዝ ኩባንያ በመጽሔትና በቴሌቪዥን አልማዙን የዘመናዊነትና የአውሮፓዊ ፍቅር ምልክት አድርጎ ካሳየ በኋላ በ1981 ወደ ስድሳ በመቶ ደረሰ። በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ! እኛ አገር የጥሎሽ ነገር ስንት ዘመን እንደ ፈጀ የሚያውቅ ይፍረደው።

ከንግድ ወጥቶ ወደ ፖለቲካ የገባውን አንድ ማስታወቂያ ሳንጠቅስ ማለፍ አይገባንም። በመስከረም 7 ቀን 1964 በአሜሪካ የምርጫ ዘመን፣ አንዲት ትንሽ ልጅ የአበባ ቅጠል እየቈረጠች ስትቈጥር በቴሌቪዥን ታየች። የእርሷ ቈጠራ ሳያልቅ የአንድ ወንድ ድምፅ ወደ ኋላ መቍጠር ይጀምራል፤ ከዚያ የአቶሚክ ቦምብ ፍንዳታ ዓይኗን ይሞላዋል። የፕሬዚዳንት ጆንሰን ተቃዋሚ የነበሩት ባሪ ጎልድዋተር ስማቸው ከቶ አልተጠራም። መጥራት አላስፈለገም፤ ስለ ቦምብ የተናገሩት ቀድሞውኑ በሕዝቡ ልብ ውስጥ ስጋት አሳድሮ ነበር፤ ማስታወቂያው የነካው ያንኑ ነው። ክፍያ ተከፍሎበት የታየው አንድ ጊዜ ብቻ ሲሆን፣ የቀረውን ሥራ ዜና አንባቢዎች በነፃ ሠሩለት። በሥራው እጁ የነበረበት ቶኒ ሽዋርትስ የተባለው የድምፅ ባለሙያ፣ ማስታወቂያ ወደ ሰው ውስጥ አዲስ ነገር አያስገባም፤ በውስጡ ያለውን ይቀሰቅሳል እንጂ የሚል እምነት ነበረው። የእናታችን እንባም ይህንኑ ይመሰክራል።

ይህን ሁሉ ያነበበ ተማሪ ‹‹እንግዲያው ስሜት የአእምሮ ጠላት ነው፤ የተማረ ሰው በሒሳብ ብቻ መኖር አለበት›› ይል ይሆናል። እኛም የመጀመሪያውን ዓመት ፍልስፍና ስንማር እንደዚያ እንል ነበር። ነገር ግን አንቶኒዮ ዳማሲዮ የተባሉት የአንጎል ሐኪም በ1994 ባሳተሙት መጽሐፍ ያወሱት አንድ በሽተኛ አለ። የአንጎሉ የፊተኛው ክፍል በመጎዳቱ ስሜቱ የቀዘቀዘ ሲሆን ማሰብ፣ መቍጠር፣ መናገር ግን አልተሳነውም። ለሚቀጥለው ቀጠሮ ከሁለት ቀኖች አንዱን እንዲመርጥ ቢጠየቅ፣ ማስታወሻውን ገልጦ የአየሩን ሁኔታ፣ ሌላውን ቀጠሮ፣ የሁለቱን ቀን ጥቅምና ጉዳት ሲያመዛዝን ግማሽ ሰዓት ያህል ፈጀ፤ መምረጥ ግን አልቻለም። ስሜት የሌለው ሰው ጠቢብ አልሆነም፤ ውሳኔ የማያውቅ ሆነ እንጂ። ስለዚህ ማስታወቂያ ስሜታችንን ስለ ነካ ብቻ አንወቅሰውም። የሚወቀሰው ስሜታችን ወደ አንድ ነገር እየጠቆመ ሳለ እጃችንን ይዞ ወደ ሌላ ነገር ሲወስደን ነው።

መንግሥታት በዚህ ረገድ ያደረጉት ልዩ ልዩ ነው። ገና የማስታወቂያን ዓላማ ለይተው ስለማያውቁ ሕፃናት ያሰቡ አሉ፤ የካናዳዋ ኩቤክ ክፍለ ሀገር ከ1980 ጀምሮ ከ13 ዓመት በታች ላሉ፣ ስዊድን ከ1991 ጀምሮ ከ12 ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት የሚነገር የንግድ ማስታወቂያን ከልክለዋል። ከሁሉ ይልቅ እኛን ያስገረመን ግን የአሜሪካ የሲጃራ ታሪክ ነው። በ1967 ጆን ባንዛፍ የተባለ ወጣት የሕግ ሰው ባቀረበው አቤቱታ መነሻነት የአሜሪካ የብሮድካስት ተቈጣጣሪ፣ የሲጃራ ማስታወቂያ የሚያሳይ ጣቢያ ሁሉ ለተቃራኒው ሐሳብም ጊዜ እንዲሰጥ አዘዘ። የዚህን ጊዜ የጤና ማኅበራት ማስታወቂያ ሠሪዎች ሆኑ። በ1968 ፔሪ ሜሰን በተባለው ተከታታይ ፊልም ላይ ዐቃቤ ሕግ ሆኖ የታወቀው ዊልያም ታልማን ሳንባው በካንሰር ተይዞ ሳለ ከቤተሰቡ ጋር በካሜራ ፊት ቀረበና አታጭሱ ብሎ ለመነ፤ በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር ሞተ። እነዚህ መልእክቶች በታዩባቸው ዓመታት የአሜሪካውያን የሲጃራ ፍጆታ በነፍስ ወከፍ ቀነሰ። በ1970 ግን ሕግ ወጣና ከጥር 2 ቀን 1971 ጀምሮ የሲጃራ ማስታወቂያ ከቴሌቪዥን ተባረረ፤ ኩባንያዎቹም አጥብቀው አልተከራከሩም። ለምን ቢሉ፣ የእነርሱ ማስታወቂያ ሲወጣ ጣቢያዎቹ ለታልማን ዓይነቱ ሰው ነፃ ጊዜ የመስጠት ግዴታቸው አብሮ ቀረ፤ የነፍስ ወከፉም ፍጆታ ለጥቂት ጊዜ እንደ ገና ከፍ አለ። ፈረሰኛውም ወደ መጽሔትና ወደ መንገድ ዳር ሰሌዳ ተዛወረ።

ይህ ታሪክ ለእኛ የሩቅ አይደለም። የአገራችን ብሔራዊ የእግር ኳስ ቡድን ከ31 ዓመት በኋላ በ2013 ለአፍሪካ ዋንጫ ሲበቃ አገር ምን እንደ ሆነች የማያስታውስ የለም፤ በአዲስ አበባ ጎዳና የማያውቁት ሰው አቅፎ ያልሳመው ማን ነበር? በተከታዩ ዓመት የቡድኑ ቅጽል ስም በሆነው በዋልያ የተጠራ ቢራ ገበያ ላይ ዋለ። በእነዚያ ዓመታት የቢራ ማስታወቂያ ሁሉ ባንዲራ፣ እስክስታ፣ የወንድማማቾች መገናኘትና የአባቶች ጀግንነት ነበር፤ ስለ ጣዕሙ የሚናገረው ከስንት አንዱ ነው። ከቢራው ይልቅ የሚሸጠው አብሮ መሆን ነበር ማለት ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል መጠጥ ማስታወቂያን ከብሮድካስት አገደ፤ መጠጥ የሚሸጥለትንም ሰው ዕድሜ ከ21 ዓመት ጀምሮ አደረገው። አዋጁን እንደግፋለን። ሆኖም አብሮ የመሆን ናፍቆታችን በአዋጅ አልታገደም፤ ባዶውን ቦታ ማን ሞላው? እስካሁን እንዳየነው የሞላው ሌላ ዕቃ ሻጭ ነው፤ ያንኑ እስክስታ፣ ያንኑ ባንዲራ ይዞ።

በየመሥሪያ ቤቱ ላሉት ጓደኞቻችን ደግሞ አንድ ነገር ማንሳት እንፈልጋለን። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ስለ ክትባት፣ ስለ ንጽሕና ወይም ስለ ግብር ለሕዝብ ማስታወቂያ ሲያወጣ ብዙውን ጊዜ ምን ይላል? ‹‹በአዋጅ ቁጥር ይህን ያህል፣ አንቀጽ ይህን ያህል በተደነገገው መሠረት›› ብሎ ይጀምራል፤ ‹‹ጥብቅ ማሳሰቢያ›› ብሎ ይጨርሳል። እኛ ራሳችን እንዲህ ያለ ማስታወቂያ አርቅቀን ለአለቃችን አቅርበን፣ ‹‹ጥብቅ›› የሚለው ቃል በቂ አይደለም ተብሎ ‹‹እጅግ ጥብቅ›› ብለን አስተካክለናል። በዚያው ምሽት ከዚያው ማስታወቂያ ቀጥሎ የታየው የለስላሳ መጠጥ ማስታወቂያ አንዲት አያት ለልጅ ልጃቸው ሲያጠጡ የሚያሳይ ነበር። የትኛው በቤቱ ሁሉ እንደ ታየ ለመገመት ጥናት አያስፈልግም። ልጁን ያስከተበ አባት የሚሰማውን ዕረፍት አንድ ደቂቃ ማሳየት ውሸት አይደለም፤ ዕረፍቱ እውነተኛ ነውና፣ ክትባቱም የሚጠቁመው ወደዚያው ነውና። ታልማን ያሳየው ቤተሰቡን ነው፤ ያሳየውም የእውነት ቤተሰቡን ነው።

ወደ ጀመርንበት እንመለስ። ከገና በኋላ አንድ ቅዳሜ ከእኅታችን ጋር በስልክ ስንጫወት ስለዚያ ማስታወቂያ አነሣንባት። ሳቀች። እርሷም አይታዋለች፤ አሠሪዎቿ ቤት በሳተላይት የአገር ቤት ጣቢያ ስትከፍት በየሰዓቱ ይመጣ እንደ ነበረ ነገረችን። ‹‹እዚህ ያለነው ልጆች ሁሉ እናውቀዋለን›› አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ለገና የላከችውን ገንዘብ ከጓደኛዋ ተበድራ እንደ ነበረ፣ ዕዳውንም ገና ከፍላ እንዳልጨረሰች አጫወተችን። ያን ወር አሠሪዎቿ ደመወዟን አዘግይተውባት ነበር። ‹‹ታዲያ ለምን አልቈየሽም?›› ብንላት ‹‹እማዬ ያንን እያየች እንዴት እቈያለሁ?›› አለችን።

ማስታወቂያውን ያን ዕለት ማታ እንደ ገና ፈልገን አየነው። መጀመሪያ ያላስተዋልነውን ነገር ያስተዋልነው ያን ጊዜ ነው፤ እናትየዋ ፊታቸው የሚበራው ገንዘቡ መግባቱን የሚገልጸውን መልእክት ሲያነቡ ነው። በዚያ አንድ ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ልጅቱ አንድ ቃል አትናገርም፤ ድምፅዋም አይሰማም።

ለእናታችን ስለ ብድሩ አልነገርናቸውም፤ እኅታችን አደራ ብላናለች። የላከችውን ገንዘብ ምን እንዳደረጉበት ብንጠይቃቸው ግን አልጋቸው ሥር ካለው ሣጥን ውስጥ አውጥተው አሳዩን፤ አልነኩትም። ‹‹ስትመጣ መሳፈሪያ ይሆናታል ብዬ ነው›› አሉ።